አራተኛው ቀረጻ

ኤጀንሲው ጥሩዬን ሳን ሆዜ፣ ጃፓንታውን ወደሚኖሩ አንድ ሽማግሌ ሲመድባት የሰጣት ወረቀት ላይ ስም፣ ዕድሜና የሕመም ዝርዝር ብቻ ነበር። ሹዞ ካታዳ፤ ሰማንያ ሰባት ዓመት፤ የልብ ድካም፤ የግራ እግር መዛል፤ ጨው የበዛበት ምግብ ክልክል። የቀድሞ ሥራ በሚለው ቦታ «ጡረተኛ» ተብሎ ተሞልቷል። የፊልም ዳይሬክተር እንደነበሩ ያወቀችው በሦስተኛው ሳምንት ነው። የታጠበ ልብስ ቁም ሣጥን ውስጥ ስታስቀምጥ ከብርድ ልብሶቹ ሥር የተጠቀለለ ፖስተር አገኘች። ፖስተሩ ላይ አንዲት አሮጊት ትከሻቸው ላይ እንጨት አጋድመው፣ በግራና በቀኝ ባልዲ አንጠልጥለው፣ በረዶ በሸፈነው የባሕር ዳርቻ ይሄዳሉ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለቻቸው።

«ሥራዬ ነው» አሉ ካታዳ። «እዚያው መልሺው።»

መለሰችው።

ጥሩዬ ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው። ከባሏ ከደምመላሽ ጋር በዲቪ ኦክላንድ ከገቡ አሥራ አምስት ዓመት ሆኗቸዋል። አዲስ አበባ እያለች ጉለሌ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ጤና ረዳት ነበረች፤ እዚህም ፈተናውን አልፋ፣ ሰርተፊኬቱን ወስዳ፣ አረጋውያንን በየቤታቸው ትንከባከባለች። በሳምንት አምስት ቀን ጠዋት ኦክላንድ ካለው ፍሩትቬል ጣቢያ በባርት ባቡር ቤሪየሳ ትወርዳለች፤ ከዚያ በአውቶቡስ ጃፓንታውን። ሥራዋን ታውቀዋለች። ሰው ሲያነሱ ወገብ እንዴት እንደሚያዝ፣ የሚያፍር ሽማግሌ እንዴት እንደሚታጠብ፣ ማውራት ከማይፈልግ ሰው ጋር ቀኑ እንዴት እንደሚዋል ታውቃለች።

ካታዳ መጀመሪያ ላይ ማውራት የማይፈልጉ ሰው ነበሩ። ልጃቸው ሳዋኮ ኢንጂነር ናት፤ ሃምሳ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁርስ አቅርባላቸው ቢሮ ትሄድና አመሻሽ ላይ ትመለሳለች። ቀኑን ሙሉ ሽማግሌውና ጥሩዬ ብቻቸውን ናቸው። ሁለቱም እንግሊዝኛ የተማሩት ካደጉ በኋላ ስለሆነ የሚነጋገሩት አጭር አጭር አድርገው ነው፤ አንዱ የሌላውን ስህተት አያርምም። «ካታዳ ሳን» እንድትላቸው ያስተማረቻት ሳዋኮ ናት። «ሳን» እንደ «አቶ» ያለ የአክብሮት ቃል ነው፤ የሚገባው ግን ከስም በኋላ ነው። እሳቸውም «ጥሩዬ ሳን» ይሏታል።

ሐኪሙ በቀን ሁለት ጊዜ እንዲራመዱ አዟል። ጃክሰን ጎዳና ላይ የመራመጃ መደገፊያቸውን፣ ዎከሩን፣ እየገፉ፣ እሷ ከጎናቸው እየሄደች፣ ታሪካቸውን ትንሽ በትንሽ ነገሯት። በአንድ ቀን ከሦስት ወይም ከአራት ዓረፍተ ነገር አያልፉም።

የተወለዱት በጃፓን ምዕራብ ጠረፍ፣ ዓሣና ጨው ብቻ በሚወጣባት ትንሽ ከተማ ነው። አባታቸው ፀጉር አስተካካይ ነበሩ። የከተማዋ ሲኒማ ቤት ፖስተሮቹን በፀጉር ቤቱ ግድግዳ ላይ ይለጥፍና በምትኩ በሳምንት ሁለት ነፃ ትኬት ይሰጣል። አባትየው ፊልም ስለማይወዱ ሁለቱም ትኬት ለልጃቸው ይደርሳል። ካታዳ እያንዳንዱን ፊልም ሁለት ጊዜ ያያሉ፤ መጀመሪያ ታሪኩን፣ ቀጥሎ ካሜራው የት እንደቆመ።

በሃያ ሁለት ዓመታቸው ቶኪዮ ሄደው አንድ ትልቅ የፊልም ኩባንያ ተቀጠሩ። ዘጠኝ ዓመት ረዳት ሆነው ሻይ አመላለሱ፣ ኬብል ጎተቱ፣ ዝናብ ሲጠፋ በጎማ ቱቦ ዝናብ አዘነቡ፣ የሰከረ ተዋናይ ከነትወና ልብሱ ተሸክመው ቤቱ አደረሱ። ሠላሳ አንድ ሲሞላቸው የራሳቸውን ፊልም እንዲሠሩ ተፈቀደላቸው። በሰባት ዓመት ውስጥ ስምንት ፊልም ሠሩ። ሁለተኛው፣ «ጨውና በረዶ» የሚባለው፣ አገራቸው ውስጥ የዓመቱ ምርጥ ተብሎ ተሸለመ። ከዚያ ቴሌቪዥን በየቤቱ ገባ፤ ሲኒማ ቤቶች ባዶ ሆኑ፤ ኩባንያው ተዘጋ። ካታዳ አሥራ ሁለት ዓመት ለቴሌቪዥን የመርማሪ ፖሊስ ድራማ ሠሩ። በየሳምንቱ አንድ ሰው ይገደላል፣ ገዳዩ ሰዓቱ ሳያልቅ ይያዛል። የፈጣን ሾርባ ማስታወቂያም ሠርተዋል።

«ሾርባው ጥሩ ነበር?» ብላ ጠየቀቻቸው ጥሩዬ።

«አልነበረም። እንፋሎቱን ግን ጥሩ አድርጌ አንስቼዋለሁ። እንፋሎት ሲነሣ ብርሃኑ ከኋላ መሆን አለበት።»

በኋላ የፊልም ትምህርት ቤት አስተማሩ፤ ጡረታ ወጡ፤ ሚስታቸው ሞቱ። ሳዋኮ ሄዳ ሳን ሆዜ አመጣቻቸው። ይህ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት አልፏል። ስለ ተሸለመው ፊልም ግን ከስሙ በስተቀር ምንም አይናገሩም ነበር።

ሴፕቴምበር ላይ ኦክላንድ አፕታውን ካለ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ኢሜይል መጣ። ቶኪዮ የሚገኝ የፊልም መዝገብ ቤት «ጨውና በረዶ»ን አጽድቶና አድሶ ጨርሷል፤ ሲኒማ ቤቱም በኖቬምበር፣ እሑድና ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ ሁለት ጊዜ ሊያሳየው ነው። ዳይሬክተሩ እዚሁ ቅርብ መኖራቸውን የሰሙት በአጋጣሚ ነበር፤ ቢገኙላቸው ትልቅ ክብር ነው። ሳዋኮ ኢሜይሉን ከፍ ባለ ድምፅ አነበበችላቸው። ጥሩዬ ሳዋኮን እንደዚያ ደስ ብሏት አይታት አታውቅም።

ካታዳ «አልሄድም» አሉ።

በሦስተኛው ቀን ቁርስ ላይ ሐሳባቸውን ለወጡ። ከፊልሙ በኋላ በጃፓንኛ እንደሚናገሩና ሳዋኮ እንድትተረጉምላቸው ነገሯት። ምን እንደሚሉ አልጠየቀቻቸውም። ምስጋና መስሏታል።

ለጥሩዬ የነገሯት ከፕሮግራሙ በፊት በነበረው ሐሙስ ነው። እግራቸውን በሞቀ ውሃ እያጠበች ነበር።

«ፖስተሩ ላይ ያየሻቸው ሴትዮ» አሉ፣ «ተዋናይ አልነበሩም።»

«እሺ።»

«ቶሜ ሃሱኑማ ይባላሉ። የኛ ከተማ ሰው ናቸው። የባሕር ውሃ ቀድተው፣ አፍልተው፣ ጨው ያወጣሉ። ስልሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። እጃቸውን አይቼ ነው የመረጥኳቸው።»

ጥሩዬ ማጠቧን አላቆመችም። እሳቸውም ጣራ ጣራውን እያዩ ቀጠሉ።

በፊልሙ መጨረሻ ላይ አሮጊቷ እስከ ጉልበታቸው ባሕሩ ውስጥ ይገባሉ፤ ሁለት ባልዲ ውሃ ይቀዳሉ፤ ተሸክመው በበረዶው ላይ ወደ ጎጆው ይመለሳሉ። የተቀረጸው በጃንዋሪ ነው። ካታዳ ትዕይንቱን አሥራ አንድ ጊዜ አስደገሙ። ስድስተኛው ላይ ካሜራ ማኑ «ይበቃል» አላቸው። አልሰሙትም። ቶሜ አንድ ጊዜም አላጉረመረሙም፤ የከተማው ሰው በሙሉ ቆሞ እያየ ስለነበር የፀጉር አስተካካዩን ልጅ ማሳፈር አልፈለጉ ይሆናል። በማግስቱ ትኩሳት ያዛቸው፤ ወደ ሳንባ ምች ተለወጠ። በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ሞቱ። ኩባንያው «የቆየ ሕመም ነበረባቸው» ብሎ ለጋዜጦች ተናገረ። ሕመም አልነበረባቸውም።

«ሽልማቱን ስቀበል ንግግር አደረግሁ» አሉ ካታዳ። «ለዚህ ፊልም ሕይወታቸውን የሰጡ ሴት አልኳቸው። አዳራሹ አለቀሰ። ንግግሩ ጋዜጣ ላይ ወጣ፤ ሚስቴ ቆርጣ አስቀመጠችው። ሳዋኮ እሱ እየተነበበላት ነው ያደገችው።»

«አሥራ አንዱም ያስፈልግ ነበር?» አለች ጥሩዬ።

«ፊልሙን ቆርጠን ስናቀናብር ሁሉንም ደጋግሜ አየኋቸው። የተጠቀምኩት አራተኛውን ነው።»

ጥሩዬ እግራቸውን ከውሃው አውጥታ በፎጣ አደረቀች፤ በጣቶቻቸው መካከል እርጥበት እንዳይቀር አየች።

«ሳዋኮ ታውቃለች?»

«እሑድ ታውቃለች።»

«አስቀድመው ቢነግሯት ይሻላል።»

«ብነግራት አታናግረኝም» አሉ።

ጥሩዬ ካልሲያቸውን አደረገችላቸው። የቤተሰብ ጉዳይ ነው ብላ ከዚያ በላይ አልተናገረችም።

እሑድ ሳዋኮ ተጨማሪ ሰዓት እንድትሠራ ጠየቀቻትና ጥሩዬ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። መቶ ሃያ ሰው የሚሆን መጥቷል፤ ከዚያ ውስጥ ጃፓኖችም ነበሩ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት፣ ልጆቿ ወደ ከተማ ሲሄዱ፣ ብቻዋን ጨው ማውጣት ትቀጥላለች፤ ታሪኩ ከዚህ አይበልጥም። ካታዳ ራቅ ወዳለ ቦታ ሲሄዱ በሚይዙት ዊልቸር ላይ ሆነው ስክሪኑን ሳይሆን ወለሉን ሲያዩ ጥሩዬ አስተዋለች። የመጨረሻው ትዕይንት ሁለት ደቂቃ ይፈጃል። አሮጊቷ ከውሃው ሲወጡ ቀሚሳቸው እግራቸው ላይ ተጣብቋል። ጥሩዬ እንደ ፊልም ልታየው አልቻለችም። ከዚህ በፊት ሦስት ጊዜ ገብተዋል፤ ገና ሰባት ጊዜ ይገባሉ እያለች ትቆጥር ነበር።

መብራት በራ። ካታዳና ሳዋኮ መድረኩ ላይ ወጡ። ማይክራፎኑ ከጆሮ መስሚያቸው ጋር እያፏጨ ስላስቸገረ ካታዳ መስሚያውን አውልቀው ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ከዚያ በጃፓንኛ መናገር ጀመሩ። ጥሩዬ ጃፓንኛ አታውቅም፤ ታሪኩን ግን ታውቀዋለች። «ቶሜ ሃሱኑማ» ሲሉ ሰማች። ትንሽ ቆይተው አራት ጣታቸውን አነሡ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡ አንዲት ጃፓናዊት አሮጊት እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ሳዋኮ ማይክራፎኗን በሁለት እጇ ይዛ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ምንም አይነበብም።

አባትየው ሲጨርሱ ሳዋኮ ወደ ሕዝቡ ዞረች። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «አባቴ ስለመጣችሁ ያመሰግናሉ» አለች። «የመጨረሻው ትዕይንት ላይ ያሉት ሴትዮ የሚያውቋቸው ሰው ነበሩ። ለዚህ ፊልም ብዙ ከፍለዋል። አባቴ እስከ ዛሬ ያስቧቸዋል።»

ሰው ተነሥቶ አጨበጨበ። ጃፓንኛ የሚያውቁት አላጨበጨቡም፤ ግን አንዳቸውም ቃል አልተናገሩም። ካታዳ ያለ መስሚያ የልጃቸውን ትርጉም አልሰሙም፤ ቆመው ሕዝቡን ያያሉ። ያልገባቸው ነገር እንዳለ ያስታውቅባቸው ነበር።

ሲመለሱ ጥሩዬን ፍሩትቬል ሊያወርዷት መኪና ውስጥ አስገቧት። ካታዳ መስሚያቸውን መልሰው አደረጉ። ኢስት ትዌልፍዝ ጎዳና ላይ ሲደርሱ በእንግሊዝኛ፣ «ለምንድን ነው ያጨበጨቡት?» ብለው ጠየቁ።

ሳዋኮ በጃፓንኛ አጭር ነገር መለሰችላቸው። በመስታወቱ ጥሩዬን አየቻት። ጥሩዬ ቤቷ በር ላይ «ደህና እደሩ» ብላ ወረደች።

ሰኞ ጠዋት ስትደርስ ሳዋኮ ወጥታለች። ካታዳ ገንፏቸውን አልነኩትም።

«ልጄ ያልኩትን ተናገረች?» አሏት።

ጥሩዬ ቦርሳዋን ወንበር ላይ አስቀመጠች። አልሰማሁም ማለት ትችል ነበር።

«አልተናገረችም» አለች። «ስለመጣችሁ ያመሰግናሉ፣ ሴትየዋን ያስቧቸዋል ነው ያለችው።»

ካታዳ ማንኪያውን አንሥተው ገንፎውን መብላት ጀመሩ። ግማሽ ያህሉን በሉ።

«እሷ ላይ መጣል አልነበረብኝም» አሉ በኋላ። «ረቡዕ እንደገና ያሳዩታል። በራሴ እንግሊዝኛ እናገራለሁ። ትወስጂኛለሽ?»

ጥሩዬ «አስቤ ልንገርዎት» አለቻቸው። ከሥራ ስትመለስ ለደምመላሽ ነገረችው። ደምመላሽ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ሽፍቱን ጨርሶ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጧል።

«ፐርሚሽን አለሽ?» አላት።

«ከሳን ሆዜ ውጪ ለመውሰድ ፋሚሊው መፈረም አለበት።»

«ትፈርማለች?»

«አትፈርምም።»

«እንግዲያው ምን ትጠይቂኛለሽ? ሪፖርት ካደረጉሽ ሰርተፊኬትሽንም ሊነኩት ይችላሉ። የሰው ቤት ጉዳይ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገሽ?»

«እኔ አልገባሁም። ጠየቁኝ፣ ያየሁትን ነገርኳቸው።»

«እዚያ ላይ ይብቃ።»

«ደምመላሽ፣ ሰውየው አእምሯቸው ደህና ነው። የደከመው እግራቸው ነው። ኦክላንድ ልሂድ ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው፤ አይሄዱም ልበላቸው?»

ደምመላሽ ስልኩን አንሥቶ መልሶ አስቀመጠው። «ቢያንስ ለልጅቷ ቴክስት አድርጊላት» አለ። «ደብቀሽ የወሰድሻቸው እንዳይመስል።»

ረቡዕ ከቀኑ አምስት ተኩል ላይ ታክሲ ጠርተው ቤሪየሳ ጣቢያ ሄዱ። ጥሩዬ ዊልቸራቸውን ትገፋለች፤ የታጠፈውን ዎከር፣ የልብ መድኃኒታቸውን፣ ውሃና መቀየሪያ ልብስ ይዛለች። ባቡሩ ሲነሣ ለሳዋኮ ጻፈች፦ «አባትሽ ከኔ ጋር ናቸው። በራሳቸው ጥያቄ ኦክላንድ ሲኒማ ቤቱ እየሄድን ነው። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እመልሳቸዋለሁ።»

ፍሪሞንትን ሳያልፉ ስልኩ ጮኸ።

«አሁኑኑ መልሻቸው» አለች ሳዋኮ።

ጥሩዬ ስልኩን ለካታዳ ሰጠች። በጃፓንኛ ጥቂት ተናገሩ፤ ረጅም ጊዜ አዳመጡ፤ እንደገና ጥቂት ተናግረው ስልኩን መለሱላት።

«ምን አሏት?»

«እሑድ ያጨበጨቡልኝን ጭብጨባ ልመልስ ነው አልኳት።»

ከዚያ እስከ አፕታውን ድረስ ካታዳ በመስኮቱ ጋራዦቹንና መጋዘኖቹን እያዩ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። የሚሉትን በእንግሊዝኛ እየተለማመዱ ነበር።

ረቡዕ የመጣው ሰው አርባ ቢሆን ነው፤ አብዛኛው ጡረተኛ። የፕሮግራሙ ኃላፊ ግሬስ የምትባል ሴት ናት፤ ካታዳን ስታይ ደንግጣ ሮጣ መጣች። ፊልሙ ሲያልቅ ካታዳ ዊልቸራቸውን ትተው ዎከራቸውን ይዘው ቆሙ። ጥሩዬ ከኋላቸው፣ እጇ ጀርባቸውን ሳይነካ ቅርብ ሆና ቆመች።

«እንግሊዝኛዬ ትንሽ ነው» ብለው ጀመሩ። «ሴትየዋ ቶሜ ሃሱኑማ ናቸው። ውሃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር። አሥራ አንድ ጊዜ አስገባኋቸው። ታመው ሞቱ። ኩባንያው ዋሸ፤ እኔ ዝም አልኩ። ከዚያ ሽልማት ተቀብዬ በሞታቸው ቆንጆ ንግግር አደረግሁ። አሁን ያያችሁት አራተኛው ነው። ከአራተኛው በኋላ ያለው ሁሉ አያስፈልግም ነበር።»

ማንም አላጨበጨበም። አንድ ሰው ጃኬቱን አንሥቶ ወጣ። ከፊት የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ፣ «ታዲያ ይህን ፊልም ለምን እንድናየው ፈቀዱ?» ብሎ ጠየቀ።

ካታዳ ወደ ሽማግሌው ዞሩ። «እንዳይታይ ብል» አሉ፣ «እሳቸውንም ሁለተኛ ጊዜ አጠፋቸዋለሁ። ሌላ መልስ የለኝም።»

አንዲት ሴት ከኋላ እጃቸውን አነሡ። ቤተሰብ ነበራቸው ወይ ብለው ጠየቁ።

«የወንድማቸው ልጅ አብራቸው ትኖር ነበር።»

«ሄደው ነገሯት?»

«አልሄድኩም።»

«እስከ ዛሬ?»

«እስከ ዛሬ» አሉ ካታዳ። የግራ እግራቸው ሲዝል ጥሩዬ ዊልቸሩን አቀረበችላቸው።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቤት ደረሱ። ሳዋኮ ከቢሮ ቀድማ መጥታ ሳሎን ውስጥ ቆማለች። አባቷን ካፖርታቸውን አወለቀችላቸውና ወደ መኝታቸው ወሰደቻቸው። ተመልሳ ስትመጣ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ነገ አትምጪ» አለች።

በማግስቱ ኤጀንሲው ደወለ። ደንብ ተጥሷል፤ ፋይሏ ውስጥ ማስጠንቀቂያ ይገባል፤ ከካታዳ ቤት ተነሥታለች። ሦስት ሳምንት ያለ ሥራ ቆየች። ደምመላሽ «ነግሬሽ ነበር» አላላትም፤ ያቺን ቃል ላለመናገር ሲታገል ግን ታየው ነበር። ከዚያ ሌላ ኤጀንሲ ዳሊ ሲቲ ውስጥ አንዲት ዓይናቸው የደከመ የፊሊፒንስ ተወላጅ፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ሰጣት።

ካታዳ በየእሑዱ ይደውሉላት ጀመር። ወሬያቸው አጭር ነው። ለቶሜ የወንድም ልጅ ደብዳቤ እየጻፉ እንደሆነ ነገሯት። በመጀመሪያው እሑድ አራት ገጽ ጽፈው ቀደዱት፤ ስለ ራሳቸው ብዙ አለበት። በሁለተኛው ሁለት ገጽ ቀደዱ። በሦስተኛው እሑድ፣ «ላክሁት፤ አንድ ገጽ ነው» አሉ። ጃንዋሪ መጨረሻ ላይ ጥሪው ቀረ። ጥሩዬ ስትደውል አይነሣም። ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ከሳዋኮ ቴክስት መጣ፦ አባቷ ሐሙስ ዕለት ሆስፒታል ውስጥ አርፈዋል፤ ሥነ ሥርዓቱ ቅዳሜ ጃፓንታውን ባለው የቡድሃ ቤተ መቅደስ ነው፤ ብትመጪ ደስ ይለኛል።

ጥሩዬ ጥቁር ልብሷን ለብሳ ሄደች። መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሲነሣ ተነሣች፣ ሲቀመጥ ተቀመጠች። ካለቀ በኋላ ሳዋኮ መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከተለቻት።

«እስከ ገና ድረስ ተናድጄብሽ ነበር» አለች ሳዋኮ። «ከገና በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምደውል አላወቅሁም።»

«ይገባኛል።»

«አይገባሽም። እኔ ያን ነገር መጀመሪያ የሰማሁት መድረክ ላይ ነው፤ መቶ ሃያ ሰው እያየኝ፣ ማይክ ይዤ። ቤታችን ውስጥ ያ የጋዜጣ ቁራጭ በፍሬም ተሰቅሎ ነበር።»

ጥሩዬ፣ «አስቀድመው እንዲነግሩሽ ብያቸው ነበር» አለች።

«ምን አሉ?»

«ብነግራት አታናግረኝም አሉ።»

ሳዋኮ አሰበችበት። «ልክ ናቸው» አለች። «አላናግራቸውም ነበር።»

መኪናዋ ውስጥ ገብተው ተቀመጡ። ሳዋኮ ከጃፓን ስለመጣው መልስ ነገረቻት። የቶሜ የወንድም ልጅ ዛሬ ሰማንያ ዓመት አልፏቸዋል። ቤተሰቡ እውነቱን ያን ጊዜውኑ ያውቅ ነበር፤ ከተማው በሙሉ ቆሞ አይቷል። ፊልሙን አንዳቸውም አይተውት አያውቁም። በደብዳቤው ላይ ይቅርታም ወቀሳም አልጻፉም፤ ሁለት ነገር ብቻ ጠየቁ። በተዋንያን ዝርዝር ውስጥ አክስታቸው የተጻፉት «ባልቴት» ተብለው ነው፤ በስማቸው ይጻፉ። ሌሎቹ ቀረጻዎች ካሉ ደግሞ ይላኩላቸው፤ አክስታቸው ሲንቀሳቀሱ የሚታዩበት ሌላ ምንም የላቸውም።

መዝገብ ቤቱ ስሙን አስተካከለ። ከተጣሉት ቀረጻዎች ሦስቱ አንድ ዝገት የያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ተገኙ፤ ለሳዋኮም በኢሜይል ተላኩላት። ካታዳ ሊሞቱ ሁለት ሳምንት ሲቀራቸው በልጃቸው ኮምፒውተር ላይ አዩአቸው።

«ማየት ትፈልጊያለሽ?» አለቻት ሳዋኮ፤ ስልኳን አወጣች።

ድምፅ የለውም። አሮጊቷ ከውሃው ወጥተው ጥቂት ይራመዳሉ። ከዚያ ይቆማሉ፤ ባልዲዎቹን መሬት ላይ ያስቀምጣሉ፤ ወገባቸውን ይዘው ቀና ይላሉ። ካፖርት የለበሰ ቀጭን ሰው ከጎን እየሮጠ ይመጣል። አንድ ነገር ይላቸዋል፤ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሣል። ከዚያ እንጨቱን ራሱ አንሥቶ ትከሻቸው ላይ መልሶ ያስቀምጥና ከካሜራው ፊት ይወጣል። አሮጊቷ ይሄዳሉ።

«ይሄ እሳቸው ናቸው?» አለች ጥሩዬ።

«እሳቸው ናቸው። ሠላሳ ሁለት ዓመታቸው ነበር። ይሄን ቦታ ቆርጬ አውጥቼው ልላክላቸው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። "ምንም ሳትቆርጪ ላኪው" አሉኝ። ስምንተኛው ነው።»

«ላክሽው?»

«ላክሁት። እስካሁን መልስ የለም።»

ሳዋኮ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ሞተሩን አስነሣች። ጥሩዬ በአውቶቡስ እሄዳለሁ ብትልም ቤሪየሳ አደርስሻለሁ አለቻት። በመንገድ ላይ ሳዋኮ አሁን የምትንከባከበው ማንን እንደሆነ ጠየቀቻት፤ ጥሩዬም ስለ ዳሊ ሲቲዋ መምህርት ነገረቻት፦ ሬዲዮ በጣም ከፍ አድርገው እንደሚሰሙ፣ ስሟን በትክክል ለመጥራት ሁለት ሳምንት እንደፈጀባቸው፣ አሁን ግን ከማንም አሳምረው እንደሚጠሩት። ጣቢያው ሲደርሱ ሳዋኮ መኪናውን ዳር አስይዛ ከኋላ ወንበር ሁለት የተሸፈኑ ሳህኖች አወጣችና ሰጠቻት። ከሥነ ሥርዓቱ የተረፈ ሩዝና ዓሣ ነው፤ አንዱ ለደምመላሽ።